በፈላ ውሃ ውስጥ 92 ላይ የሚቆም ቴርሞሜትር፤ የፋሲካን ዶሮ በእሱ ልመን?

ጡረተኛው ከማርቆስ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በሒሳብ ሹምነት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ጓዳ የገባሁት ውሃ ለመጠጣትና የጠፋ ቁልፍ ለመፈለግ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን ባለቤቴ ልጃችንን ልታርስ ባሕር ዳር ሄዳለች፤ ክርስትናው ሳይደርስ አትመለስም። ስለዚህ የፋሲካው ዶሮ ወጥ በእኔ እጅ ወድቋል። በላተኞቹ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ወንድ ልጄና ምራቴ ናቸው፤ ምራቴ ደግሞ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት።

ስለ አሠራሩ አልጠይቃችሁም። ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት እንደሚቁላላ፣ በርበሬው መቼ እንደሚገባ፣ ቅቤው መቼ እንደሚጨመር ባለቤቴ በስልክ አስጽፋኛለች፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆኗል። የምጠይቀው ሥጋው ውስጡ ድረስ መብሰሉ በምን እንደሚረጋገጥ ነው።

እንዲህ የፈራሁበት ምክንያት አለኝ። በቅበላ ሰሞን እነዚሁ ልጆች መጥተው ነበር። ባለቤቴን ላስደንቅ ብዬ የበግ የኋላ እግር፣ ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን፣ ሳልቆራርጥ ሙሉውን ከማቀዝቀዣ አውጥቼ በቀጥታ ኦቨን ውስጥ አስገባሁት። ሐሳቡን ያገኘሁት ከቴሌቪዥን ነው። ላዩ እንደ ድፎ ዳቦ ቅርፊት ጠይሞ፣ ስቡ እየተንጫጫ፣ ሽታው እስከ ጎረቤት ደርሶ አወጣሁት። ጠረጴዛ ላይ አቅርቤ ቢላዋ ስሰድበት የላይኛው ሁለት ጣት ያህል በስሏል። ከዚያ በታች ሮዝ ነው። አጥንቱ ጋ ስደርስ ደም የቋጠረ ሆኖ አገኘሁት፤ በጣቴ ብነካው ቀዝቃዛ! ከላይ ከሰል ሊሆን የደረሰ ሥጋ ከውስጥ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ ነበር። ምራቴ ሐኪሟ ያልበሰለ ሥጋ እንዳትቀምስ ስላስጠነቀቃት ሰሃኗን በትሕትና ወደ ጎን አደረገችው። ልጄ ሳቀ። እኔ ግን እልህ ይዞኝ በላሁ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከመጸዳጃ ቤት ሳልርቅ ሰነበትሁ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «እንደዚያ እንደ በጉ» እያለች ትተርትብኛለች።

ልጄ ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ብሎ ሥጋ ውስጥ የሚሰካ ቴርሞሜትር ላከልኝ። እንደ እስክሪብቶ ነው፤ ጫፉ ሹል፣ ቁጥሩ በትንሽ መስኮት የሚነበብ። ከእሱ ጋር ያለው ወረቀት ዶሮ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት ይላል። መልካም። እኔ ግን ያልተመሳከረ ሰነድ ላይ ፈርሜ አላውቅም። ስለዚህ በቅድሚያ መሣሪያውን ራሱን ልመርምር ብዬ ውሃ አፈላሁ። ትምህርት ቤት ሳለን ውሃ በ100 ይፈላል ተብለናል። ይህ ግን 92 ላይ ደርሶ ቆመ። እሳቱን ጨመርሁ፤ ውሃው ይንተከተካል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። በማግስቱ ደገምሁት፤ 91.8። ጀበና ውስጥ ሞከርሁ፤ 92.1። ሰው ሰባራ መሣሪያ ልኮ እንዴት «ስጦታ» ይላል?

አሁን የስምንት ዲግሪ ጉድለት አለብኝ። በእያንዳንዱ ንባብ ላይ ስምንት እየጨመርሁ ልመዝግብ ወይስ መሣሪያውን ልጣለው? ያለ መሣሪያ እንዳልሠራ ደግሞ፣ ወጡ የሚሠራው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ጾም ላይ ስለሆንሁ ቀምሼ ማረጋገጥ አልችልም። ቀለሙን አይቼ እንዳልፈርድ በርበሬ ውስጥ የገባ ሥጋ ቀይ ይሁን ነጭ በምን ይለያል? ባለቤቴን ብጠይቃት «ሽታው ይነግርሃል» አለችኝ። እኔን እስካሁን ምንም አልነገረኝም።

የዳንግላው፦

ጋሼ፣ ሽሮ ይሥሩ። ሽሮ አልበስል ብሎ ሐኪም ቤት ያስገባው ሰው አላየሁም።

ቀልዱን ትቼ፣ እኔም ከዚህ ጥያቄ የምማረው አለ። ባለፈው ገና ባለቤቴ የልጆቹን የትኩሳት መለኪያ ዶሮው ውስጥ ልትሰካ ስትል ነው የደረስሁባት። «ሁለቱም ሙቀት አይደል የሚለካው?» አለችኝ፤ መልስ አጣሁ።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦

ለዳንግላው ወንድሜ አስቀድሜ ልመልስ። የትኩሳት መለኪያ ከ42 ዲግሪ በላይ አያነብም፤ የመስታወቱ ዓይነት ከሆነ ይፈነዳና ሜርኩሪው ወጡ ውስጥ ይገባል። እንኳን ደረስህባት።

ጋሼ፣ መሣሪያዎ አልተሰበረም። ልጅዎንም ይቅርታ ይጠይቁት። የጎደለው ነገር ከመሣሪያው ሳይሆን ከደብረ ማርቆስ ሰማይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ጠለል ላይ ነው፤ እዚያ ከላይ የሚጫነው አየር ከባድ ነው። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የአየሩ ጭነት ስለሚቀልል ውሃው ቶሎ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ልማዳዊው ስሌት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል የሚለው ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ላይ ናት። 2,400ን ለ300 ያካፍሉት፤ ስምንት። ጉድለቱ የት እንደሄደ ተገኘ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ባለቤትዎ እዚያ የሚያፈሉት ውሃ 94 አካባቢ ይደርሳል። ደጀንን አልፈው ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ወርደው ቢያፈሉት 96ን ያልፋል። እሳት ስለጨመሩ ቁጥሩ አለመነቃነቁም ትክክል ነው፤ ትርፉ እሳት ውሃውን ወደ እንፋሎት ይቀይረዋል እንጂ ሙቀቱን ከፍ አያደርገውም።

እባክዎ ስምንት አይጨምሩ! ይህ ነው ያስደነገጠኝ። ዶሮው 66 ላይ ሳለ እርስዎ «66 ሲደመር 8፣ 74» ብለው ድስቱን ያወርዳሉ፤ ሰነዱ ይመታል፤ ዶሮው ግን አልበሰለም። የሥጋው 74 የትም አገር 74 ነው። ከከፍታ ጋር የሚለወጠው ውሃው የሚፈላበት ነጥብ ብቻ ነው።

እንደኛ ላለ ደገኛ መለኪያውን መፈተኛው በረዶ ነው። ብርጭቆ ሙሉ የተከካ በረዶ ያድርጉና ክፍተቱን እስኪሞላ ትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምረው ያማስሉ። ደቂቃ ያህል ቆይተው የመርፌውን ጫፍ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳያስነኩ መሐል ላይ ይያዙት። ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ማንበብ አለበት። በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ ከፍታ አይነካውም፤ ባሕር ዳርም ጮቄ ተራራ ላይም ያው ነው። ክረምት ቢሆን ኖሮ በረዶውን ከደጅ ይለቅሙት ነበር።

ወደ ሥጋው ልምጣ። ለዶሮ፣ የየትኛውም ብልት፣ 74። ለተፈጨ ወይም ለተከተፈ ሥጋ፣ ምንቸት አብሽም ይሁን ሌላ፣ 71፤ ምክንያቱም ሙሉ ሥጋ ላይ ጀርሙ የሚቀመጠው በአብዛኛው ከላይ ሲሆን መፍጨቱ ያንን ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ለሙሉ የበግና የከብት ሥጋ 63 ሆኖ ከእሳት ከወጣ በኋላ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ማረፍ ነው። ለምራትዎ ሲሆን ግን ሙሉውንም 71 ያድርሱት፤ ትንሽ ቢደርቅ ማንም አይሞትም።

ይህን ካወቁ ወጡ የሚያስፈራ አይደለም። ወጥዎ በ92 ይንተከተካል፤ የሚፈለገው 74 ነው። ብልቶቹ መረቁ ውስጥ ሰጥመው አብረው ከተንተከተኩ ውስጣቸው 74ን ማለፉ የጊዜ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ሥጋ ዘግይቶ ይበስላል የሚባለው ስለ መለስለስ ነው። ጅማቱ እንዲፈታ ሙቀትና ሰዓት ይፈልጋል፤ ስምንት ዲግሪ ስለሚጎድለን ሰዓት እንከፍላለን። ባቄላውም ሽምብራውም እንደዚያው ነው። በእንፋሎት የሚያበስለው ዝግ ድስት ሥራ የሚያፋጥነው ጭነቱን መልሶ ስለሚሰጠን ነው፤ ውስጡ ከ110 በላይ ይደርሳል።

የቅበላው በግዎ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የኦቨን አየር ሁለት መቶ ይደርሳል፤ ላዩን ቶሎ ይጠብሳል፤ ወደ መሐል የሚገባው ሙቀት ግን በኤሊ እርምጃ ነው። ወፍራም ሥጋ፣ ያውም በቀጥታ ከማቀዝቀዣ! ሌላ ጊዜ እሳቱን ዝቅ፣ ሰዓቱን ረዘም ያድርጉት። መርፌውን ከወፍራሙ ቦታ መሐል ይስኩ፤ አጥንት አያስነኩ፤ አጥንቱ ሙቀትን የሚያስተላልፈው ከሥጋው በተለየ ፍጥነት ስለሆነ ንባቡ ያሳስታል። ሦስት ቦታ ይለኩና ዝቅተኛውን ይመኑ።

ጡረተኛው ከማርቆስ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በረዶውን አሁኑኑ ሞከርሁ፤ 0.2 አነበበ። ሁለት አስረኛ በሥራ ዘመኔም እታገሠው ነበር። ልጄን ይቅርታ አልጠየቅሁትም፤ ሲመጣ ዶሮውን ራሱ ይቅመሰው።

ስምንት ልጨምር ማለቴ ግን አሳፈረኝ። የጉድለቱን ምንጭ ሳያጣሩ ማካካሻ መመዝገብ! እንዲህ ያደረገ ጸሐፊ ብይዝ ኖሮ ወዮለት።

አሁን ስለ ማጠቡ ግራ ተጋብቻለሁ። የባለቤቴ ጽሑፍ «በሎሚና በጨው፣ ውሃው እስኪጠራ፣ ሰባት ጊዜም ቢሆን» ይላል። ምራቴ ደግሞ ዶሮ በጭራሽ አይታጠብም፤ ማጠቡ ነው የሚያሳምመው አለችኝ። በሁለት ሴቶች መካከል ገብቼ መፍረድ ስለማልችል ወደ እናንተ አመጣሁት።

የቢቸናዋ፦

ወንድሜ፣ ዶሮ ሳላጥብ ብሠራ እናቴ ከመቃብር ተነሥታ ድስቱን ትደፋብኝ ነበር። ቤት የታረደ፣ ላባው የተነጨ፣ እሳት ላይ የተለበለበ ዶሮ እንዴት ሳይታጠብ ይቀራል? ደሙ፣ ስቡ፣ የላባው ሥር፣ የተለበለበው ጥቀርሻ የት ይሂድ? ከሱቅ ተጸድቶ በላስቲክ ታሽጎ የሚመጣው ዶሮ ሌላ ጉዳይ ነው።

ግን ልጅቱም ያለ ነገር አላለችም። አንድ የፋሲካ ማግስት ቤቴ ውስጥ የሆነውን ልንገርህ። ዶሮውን ቆራርጬ በጨረስሁበት መክተፊያ ላይ የወንድሜ ሚስት ቲማቲምና ቃሪያ ቆረጠች። ቢላዋውን በጨርቅ ጠረግ አድርጋ፤ በቃ። ወጡ አራት ሰዓት ሙሉ እሳት ላይ የነበረ ነው፤ ከወጡ የበላን ትልልቆቹ ምንም አልሆንንም። ሰላጣውን የበሉት ሦስት ልጆች ሌሊቱን ሲያስመልሱ አደሩ። እኔ ወጤን ስጠራጠር፣ ጎረቤት ቡዳ ሲል፣ ጠዋት መክተፊያውን ሳየው በስንጥቁ ውስጥ የዶሮው ደም እንደደረቀ ነው። ከዚያ ወዲህ ለሥጋ አንድ፣ ለአትክልት አንድ መክተፊያ አለኝ፤ የሥጋውን ዳሩን በምስማር ፍቄ ምልክት አድርጌበታለሁ።

ስለ መብሰሉ ከጠየቅኸኝ፣ ሚስትህ ሽታው ያለችው እውነቷን ነው፤ ግን ላላሠለጠነ አፍንጫ አይሆንም። አንተ የእግሩን ብልት በጭልፋ አውጣና የአጥንቱን ጫፍ እይ። ሲበስል ሥጋው ከጫፉ ይሸሽና ወደ ላይ ይሰበሰባል፤ አጥንቱ ራቁቱን ብቅ ይላል፤ እጅጌውን የሰበሰበ ሰው ይመስላል። መጋጠሚያውን ቀስ ብለህ ብታጥፈው ሳይታገል ይላቀቃል። በሹካ ስትወጋው የሚወጣው ውሃ ደም ያልቀላቀለ መሆን አለበት። ወጡም ላዩ ላይ ቅባቱን አውጥቶ ሲያንጸባርቅ ታየዋለህ። አውራ ዶሮ፣ በተለይ ያረጀ የሐበሻ አውራ ከሆነ፣ ያስመሽሃል፤ ቄብ ከሆነች አታስመሽም። የፈረንጁን ዶሮ ደግሞ ብዙ ካቆየኸው ተበታትኖ ወጡ ውስጥ ይጠፋል፤ እንግዳ ፊት ብልት ፍለጋ በጭልፋ ማማሰል ነውር ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ብልቶቹን ከሎሚው ውሃ አውጥተህ ስትጨምር ቁሌቱ ይበርዳል፤ መንተክተኩን ያቆማል። ሰዓት መቁጠር የምትጀምረው እንደገና ሲፈላ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፦

ሥራዬ ቄራ ውስጥ ሥጋ መመርመር ነው፤ ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ። የእትዬን የመክተፊያ ታሪክ ሳነብ እጄን አነሣሁ። ከዶሮ የሚመጡት ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የሚባሉት ባክቴሪያዎች 74 ዲግሪ ሲደርሱ አለቀላቸው። ችግሩ ከመድረሳቸው በፊት በእጅ፣ በቢላዋ፣ በመክተፊያ፣ በቧንቧ ውሃ ፍንጣቂ መዞራቸው ነው። ምራትዎ የሰማችው ምክር ከዚህ የመጣ ነው፤ ብዙ አገሮች ጥሬ ዶሮ አትጠቡ የሚሉት ፍንጣቂውን ፈርተው ነው። ሎሚና ጨው ሽታውንና ዝልግልጉን ያነሣል፤ ጀርሙን ግን አያጠፋም።

ጋሼ፣ ለሁለቱም እንዲሆን እንዲህ ያድርጉ። ከሚከፈት ቧንቧ ሥር አይጠቡ። ጠለቅ ያለ ሳፋ ውስጥ፣ ውሃውን ቀስ ብለው እያፈሰሱ፣ ሰሃንና እንጀራ ከሌለበት ቦታ ራቅ ብለው ይጠቡ። ሲጨርሱ ሳፋውን፣ መክተፊያውን፣ እጅዎን እስከ ክንድዎ በሳሙና። መርፌውንም አይርሱ፤ ጥሬው ላይ የሰኩትን ሳያጥቡ የበሰለው ላይ ከሰኩት ያጠፉትን መልሰው ዘሩት ማለት ነው።

ቀለምን በተመለከተ ጥርጣሬዎ ልክ ነው፤ በርበሬ ባይኖርም አይታመንም። የተፈጨ ሥጋ ሳይበስል ቡናማ ሊሆን ይችላል። የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ ገና በለጋነቱ ስለሚታረድ አጥንቱ አልጠነከረም፤ ከመቅኑ የሚወጣው ቀለም በደንብ በስሎም እንኳ አጥንቱ ዙሪያ ሮዝ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት የሚጨቃጨቅ ባልና ሚስት አውቃለሁ።

ከከብቱ ወገን ትንሽ ልበል፤ ዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ሁሉም ቅርጫ መግባቱ አይቀርምና። ኮሶ የሚይዘን ከከብት ሥጋ ነው። ትሉ ገና እንቡጥ ሳለ ሥጋው ውስጥ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ውሃ የቋጠረ ነገር ሆኖ ይቀመጣል። እኛ የመንጋጋውን ጡንቻ፣ ምላሱን፣ ልቡን፣ ትከሻውን ሰንጥቀን እንፈልገዋለን። ጥቂት ብቻ ከሆነ ግን ቢላዋችን ባለፈበት ላይገኝ ይችላል። ቅርጫ ደግሞ የሚታረደው ደጅ ነው፤ ማንም አይመረምረውም። 60 ዲግሪን ውስጡ ድረስ ያለፈ ሥጋ ውስጥ እንቡጡ አይኖርም። ማቀዝቀዝም ይገድለዋል፦ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ለ10 ቀን፣ መብራት እየሄደ ካልቀለጠ። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎ ግን ከጥሬ የሚለየው በስሙ ብቻ ነው። እኔ ራሴ ቁርጥ እበላለሁ፤ አልዋሽም። በየጊዜው መድኃኒት የምውጠውም ለዚህ ነው። ነፍሰ ጡር ግን አትብላ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ በጥሬ ሥጋ ገብቶ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ደግሞ እሳት ሁሉንም አያድንም። በድንገት የሞተ፣ ከአፍንጫው ወይም ከሌላ ቀዳዳው ደም የወጣው ከብት አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለውን አትረዱ፣ አትግፈፉ፣ አፍልታችሁም አትብሉ። የባክቴሪያው ዘር መፍላትን ይቋቋማል፤ የሚይዘው ደግሞ በላተኛውን ብቻ ሳይሆን ቆዳውን የነካውንም ነው። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

ወጡ ከበሰለ በኋላስ? የፋሲካ ድስት ትልቅ ነው፤ መሐሉ ሳይበርድ ያድራል። ለብ ባለ ወጥ ውስጥ ባክቴሪያ እንደ እርሾ ይነሣል፤ አንዳንዱ የሚተወውን መርዝ ደግሞ መልሶ ማፍላት አያጠፋውም። ስለዚህ በሁለት ሰዓት ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ከፋፍለው ማቀዝቀዣ ያስገቡት። ሲያወጡት የሚበላውን ያህል ብቻ አውጥተው እስኪንተከተክ ያሙቁ።

ጡረተኛው ከማርቆስ፦

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! ሪፖርት ይዤ መጥቻለሁ።

አውራ ዶሮ ነው የገዛሁት። ሻጩ «ቄብ አጠገብ ነው» ብሎኝ ነበር፤ ምን ማለቱ እንደሆነ ማታ ገባኝ። ሳፋውን ጓሮ አወጣሁና ሁለቱንም ሴቶች ለማስታረቅ በሐኪሙ መንገድ አጠብሁ። ሰባት ጊዜ አልሞላሁም፤ ስድስት ላይ ውሃው ጠራ። ቁጥሩን ለባለቤቴ አትንገሩብኝ።

ቁሌቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ እሳት ላይ ነበር። ብልቶቹን ያስገባሁት ከምሽቱ 1፡20 ነው፤ እትዬ እንዳሉት ወዲያው ጸጥ አለ፤ እንደገና የፈላው 1፡34። የጡረታ ደብተሬን አውጥቼ ሠንጠረዥ አሰመርሁ። 1፡45 ላይ ታፋው 58። ልጄ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። 1፡55 ላይ ታፋው 71፣ ፈረሰኛው 76። 2፡05 ላይ ሁሉም ከ80 አለፉ። «ተዘጋ!» ብዬ ከሥሩ ሁለት መስመር አሰመርሁ። ባለቤቴ ስትደውል በኩራት ነገርኋት።

«አጥንቱ ሸሽቷል?» አለችኝ።

አወጣሁና አየሁ። አልሸሸም። እንደ ካልሲ ጥብቅ ብሏል። በሹካ ብወጋው ሹካው ተመለሰ። መምህር፣ ያሉትን ያኔ ነው የተረዳሁት፤ 80 ያለፈ፣ ጀርም የሌለበት፣ ግን የጫማ ሶል የሆነ ዶሮ በእጄ ይዣለሁ። ደብተሩን እንደገና ከፈትሁ። 3 ሰዓት፣ 90፤ አልሸሸም። 3፡30፣ 91፤ ትንሽ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ 91 እና 92 ላይ ስለቆመ መርፌውን አጥቤ አስቀመጥሁትና አጥንት ሳይ አመሸሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ከሩብ ላይ የእግሩ አጥንት ራቁቱን ብቅ አለ፤ ልክ እጅጌውን እንደሰበሰበ ሰው። ልጄን ጠርቼ አሳየሁት። ሽታውም፣ እውነት ለመናገር፣ የሆነ ነገር አለኝ።

ከቅዳሴ ተመልሰን ፈሰክን። ምራቴ ፈረሰኛውን በላች፤ ደገመች። ጨው ግን ረስቻለሁ። ጾም ላይ ስለሆንሁ አልቀመስሁም፤ መሣሪያው ደግሞ ጨው አይለካም። እንጀራው ላይ እየነሰነስን በላነው።

የተረፈውን በአራት ዕቃ ከፋፍዬ ማቀዝቀዣ አስገብቻለሁ፤ የገባበትን ሰዓት ክዳኑ ላይ ለጥፌ። ባለቤቴ ለክርስትናው ስሄድ «ያንን መርፌ ይዘኸው ና» ብላኛለች፤ የሴት ልጄ አማት የውሃውን ነገር ሰምተው አላምንም ብለዋል። ባሕር ዳር ላይ አፍልቼ ቁጥሩን እዚሁ አሳውቃለሁ። መምህር 94 ብለዋል። 94 ካልመታ የጽሑፍ ማብራሪያ እጠይቅዎታለሁ።